ፈረስ ሳይሆኑ ጋላቢ መሆን፤ የአሪጎ ሳኪ የአሠልጣኝነት ጉዞ

በሰሜን ኢጣልያ፣ ኤሚሊያ ሮማኛ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ በሴኒዮ ወንዝ አጠገብ ፉዚኛኖ የምትባል አነስተኛ ከተማ ትገኛለች። የሙዚቃ ታሪክ ይህችን ከተማ የሚያውቃት ታላቁን የቫዮሊን ሊቅና የሙዚቃ ደራሲ አርካንጄሎ ኮሬሊን በማፍራቷ ነው። ኮሬሊ የተወለደው በ1653 ሲሆን፣ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሱ ዘንድ የተማሩ ሙዚቀኞች ትተውት ባለፉት ምስክርነት መሠረት፣ በልምምድ ጊዜ የአንድ ተጫዋች ደጋን ከሌሎቹ ደጋኖች አቅጣጫ ወጥቶ ሲያይ የመላውን ጓድ ሥራ ያስቆም ነበር። ሲወጣ ሁሉም በአንድነት እንዲወጣ፣ ሲወርድም ሁሉም በአንድነት እንዲወርድ ያስገድዳል። ለኮሬሊ ኅብረት ማለት ጥሩ ጥሩ ተጫዋቾችን አንድ ላይ መሰብሰብ ብቻ አልነበረም። ኅብረት ራሱን የቻለ፣ የሚጠናና የሚሠለጥን ሙያ ነበር።

ከኮሬሊ ልደት 293 ዓመታት በኋላ፣ ኤፕሪል 1 ቀን 1946፣ በዚያችው ከተማ ሌላ ልጅ ተወለደ፤ ስሙም አሪጎ ሳኪ ተባለ። ሙዚቀኛ አልነበረም። የእግር ኳስ ተጫዋችም ቢሆን ስሙን ሊያስጠራ አልቻለም። ይሁን እንጂ ይኸው ሰው በ1980ዎቹ መጨረሻ የአገሩን እግር ኳስ ከሥር መሠረቱ የለወጠ፣ በመላው አውሮፓ የጨዋታውን አስተሳሰብ ያናወጠ አሠልጣኝ ለመሆን በቃ። የሳኪ ታሪክ ለእግር ኳስ ወዳጅ ብቻ የሚነገር አይደለም። አንድን ሙያ በእጁ አሳምሮ ያልሠራ ሰው ያንኑ ሙያ ለሌላው ሊያስተምር ይችላልን? ጎበዝ ግለሰብና የተደራጀ ጓድ ሲገናኙ የትኛው የትኛውን ይሸከማል? እነዚህ ጥያቄዎች የመምህሩም፣ የቴአትር አዘጋጁም፣ የሙዚቃ መሪውም ጥያቄዎች ናቸው።

ሳኪ የተወለደባት ከተማ ከጦርነት እሳት ገና መውጣቷ ነበር። በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ በነበረው ክረምት የሴኒዮ ወንዝ የጦር ግንባር ሆኖ ነበር። የጀርመንና የኅብረ መንግሥታቱ ጦሮች ወንዙን በመሐል አድርገው ለወራት ሲታኮሱ፣ ፉዚኛኖ ክፉኛ ፈራረሰች። የግንባሩ መስመር የተሰበረው በኤፕሪል 1945 ነው። ሳኪ ያደገው እንግዲህ ጡብ በጡብ ላይ እየተደረደረ ከተማ እንደ አዲስ በሚሠራበት ዘመን ነው። አባቱ የጫማ ፋብሪካ ነበረው፤ ልጁም ገና በወጣትነቱ ወደዚሁ ሥራ ገባ። የጫማ ናሙና ይዞ በኢጣልያም ከኢጣልያ ውጪም ይዘዋወር ነበር። ይህም ጉዞ በሌላ አገር እግር ኳስ እንዴት እንደሚጫወት በዓይኑ ለማየት ዕድል ሰጠው። በልጅነቱ ልቡን የማረኩት የሀንጋሪው ሆንቬድ፣ የስፔኑ ሪያል ማድሪድና የብራዚል ብሔራዊ ቡድን ነበሩ፤ በኋላም በ1970ዎቹ የሆላንድ እግር ኳስ ሌላ ዓለም ገለጠለት። እነዚህ ሁሉ የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ነበር። ጨዋታውን የሚቀበሉ ሳይሆኑ ጨዋታውን የሚመሩ ነበሩ።

እሱ ግን በፉዚኛኖና በአጎራባቿ ከተማ በሉጎ ክለብ፣ በባራካ ሉጎ፣ በታችኛው ዲቪዚዮን ተከላካይ ሆኖ ከመጫወት አላለፈም። እግሩ ዓይኑ ያየውን መፈጸም አልቻለም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ሙያውን እርግፍ አድርጎ ይተዋል። ሳኪ ግን ዓይኑን ይዞ ቀረ። በ26 ዓመቱ የትውልድ ከተማውን ቡድን እንዲያሠለጥን ተጠየቀ። ሳኪ ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ በረኛው የ39 ዓመት፣ የመሐል አጥቂው ደግሞ የ32 ዓመት ሰው ነበር። «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» የሚባለው ተረት እንዲህ ያለውን ነገር ሊነቅፍ የተነገረ ነው። ወጣቱ አሠልጣኝ ግን ከዚያ በረኛ ፊት የሚያቀርበው ዝና ስላልነበረው፣ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ እያንዳንዱን ትእዛዝ በምክንያት ማስደገፍ። ዝነኛ ተጫዋች የነበረ አሠልጣኝ «እኔ እንዳደረግሁት አድርግ» ብሎ ማለፍ ይችላል። ሳኪ ይህን ማለት አይችልም። «ይህን የምታደርገው በዚህ ምክንያት ነው» ማለት ነበረበት። በኋላ ዘመን ለታላላቆቹ ተጫዋቾች የተረፈው ዘዴ የተወለደው ከዚህ ከድህነት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ከፉዚኛኖ ወደ አልፎንሲኔ፣ ከአልፎንሲኔ ወደ ቤላሪያ ተሸጋገረ። በፍሎረንስ አጠገብ በሚገኘው በኮቨርቻኖ የአሠልጣኞች ትምህርት ቤት ተማረ። ከአባቱ ፋብሪካ ያገኝ የነበረውን አስተማማኝ ኑሮም ትቶ ሙሉ ጊዜውን ለአሠልጣኝነት ሰጠ። የቼዜናን ወጣት ቡድን ይዞ በ1982 የኢጣልያን የወጣቶች ሻምፒዮና አሸነፈ። ቀጥሎም በሦስተኛው ዲቪዚዮን ሪሚኒን፣ ከዚያ የፊዮሬንቲናን ወጣቶች፣ እንደገናም ሪሚኒን አሠለጠነ። በ1985 ወደ ሦስተኛው ዲቪዚዮን የወረደውን ፓርማን ተረክቦ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን መለሰው። ይህ ሁሉ ከአሥር ዓመት በላይ የፈጀ፣ ጋዜጣ ያልዘገበው፣ በደረጃ በደረጃ የተሄደ መንገድ ነው።

የመቀርቀሪያው ዘመን

ሳኪ የተነሣበትን ነገር ለመረዳት፣ በዚያን ጊዜ የኢጣልያ እግር ኳስ በምን እምነት ይመራ እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። ኢጣልያኖች ስልታቸውን «ካቴናቾ» ይሉታል፤ ትርጉሙም «መቀርቀሪያ» ማለት ነው። እያንዳንዱ ተከላካይ አንድ የተጋጣሚ አጥቂ ተመድቦለት እንደ ጥላ ይከተለዋል። ከሁሉም ኋላ ደግሞ ማንንም የማይከተል፣ ያመለጠውን ሁሉ የሚጠርግ አንድ ተከላካይ ይቆማል። ይህን ሰው «ሊቤሮ»፣ ማለትም ነፃው፣ ብሎ የሰየመው ዝነኛው የስፖርት ጋዜጠኛ ጃኒ ብሬራ ነው። ቡድኑ ወደ ኋላ ተሰብስቦ ይጠብቃል፤ ተጋጣሚው ሲሳሳት በፈጣን መልሶ ማጥቃት አንድ ግብ ያገባል፤ ከዚያ በሩን ይቀረቅራል።

ይህ ስልት የፈሪ ፈጠራ ነው ብሎ መናቅ ታሪክን ማዛባት ይሆናል። አመጣጡ የደካሞች ብልሃት ነው። ኔሬዮ ሮኮ በ1947–48 ትንሹን ትሪዬስቲናን ይዞ በኢጣልያ ሻምፒዮና ሁለተኛነትን የተጋራው በዚህ ዓይነት ጨዋታ ነው። በኋላም ይኸው ሮኮ ሚላንን በ1963፣ ኤሌኒዮ ኤሬራ ደግሞ ኢንተርን በ1964ና በ1965 የአውሮፓ ሻምፒዮን አደረጉ። ኢጣልያ በ1982 የዓለምን ዋንጫ ወሰደች። ውጤቱ በዓይን እየታየ ስልቱን መቃወም ቀላል አልነበረም።

ከውጤቱ በላይ የከበደው ግን በስልቱ ላይ የተገነባው ትምህርት ነው። ብሬራ በብዕሩ ኃይል ሲከራከር የኖረው ኢጣልያዊ በአካል ጥንካሬ ከሰሜን አውሮፓ ሕዝቦች ጋር ሊተካከል ስለማይችል በተፈጥሮው መከላከልና በብልጠት ማሸነፍ ይስማማዋል እያለ ነበር። ስለዚህም ካቴናቾ ከጨዋታ ስልትነት አልፎ የአንድ ሕዝብ ጠባይ ተደርጎ ይቆጠር ጀመር። ሳኪ የተነሣው በዚህ ላይ ነው። እሱ እንደሚለው ሕዝብ በተፈጥሮው ተከላካይ ወይም አጥቂ ሆኖ አይወለድም። የሚጫወተው የተማረውን ነው፤ ሌላ ከተማረ ደግሞ ሌላ ይጫወታል። የአሠልጣኙና የጋዜጠኛው ክርክር ስለ ኳስ ይምሰል እንጂ፣ በሥሩ ያለው ጥያቄ ትምህርት የሰውን ልማድ ለመለወጥ ያለው ኃይል ምን ያህል ነው የሚል ነበር።

የማይታወቀው ሰው

በ1986–87 የኢጣልያ ዋንጫ ውድድር ከሁለተኛው ዲቪዚዮን የመጣው ፓርማ ከታላቁ ሚላን ጋር በአንድ የውድድር ዘመን ሁለት ጊዜ ተገናኘ። መጀመሪያ በምድብ ጨዋታ 1 ለ 0 አሸነፈ። በጥሎ ማለፉ ደግሞ በደርሶ መልስ ድምር እንደገና 1 ለ 0 ረትቶ ሚላንን ከውድድሩ አስወጣ። ሚላን በ1980 በውጤት ማጭበርበር ቅሌት፣ በ1982 ደግሞ በነጥብ ማነስ ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን የወረደ፣ ከ1979 ወዲህ ሻምፒዮን ያልሆነ ክለብ ነበር። በ1986 ክለቡን የገዛው ባለሀብት ሲልቪዮ ቤርሉስኮኒ የራሱን ቡድን ሁለት ጊዜ ያሸነፈውን ሰው በ1987 ለራሱ ቀጠረው።

የኢጣልያ ጋዜጦች ተሳለቁ። ከታችኛው ዲቪዚዮን የመጣውን አሠልጣኝ «ማንም ያልሆነው ሰውዬ» አሉት። በመጀመሪያው ዲቪዚዮን አንድ ቀን እንኳ ያልተጫወተ ሰው እንዴት የመጀመሪያውን ዲቪዚዮን ተጫዋቾች ሊያዝ ይችላል ተባለ። ሳኪ በሰጠው መልስ፣ ፈረስ ጋላቢ ለመሆን አስቀድሞ ፈረስ ሆኖ መገኘት ግዴታ መሆኑን አላውቅም ነበር አለ። ቀልዱ እስካሁን ይጠቀሳል። ነገር ግን መልስ የሚሆነው ፈረሱ ሲሮጥ ብቻ ነው። አጀማመሩም የሚያስመካ አልነበረም። ሚላን ገና በሁለተኛው የሊግ ጨዋታ በሜዳው በፊዮሬንቲና 2 ለ 0 ተሸነፈ። በመጸው ደግሞ የስፔኑ ኤስፓኞል ከአውሮፓ ማኅበር ዋንጫ አስወጣው። እንደሚተረከው፣ የክለቡ ባለቤት ተጫዋቾቹን ሰብስቦ ሳኪ እንደሚቆይ፣ ከነሱ መሐል ግን ማን እንደሚቆይ ገና እንዳልታወቀ ነገራቸው። መምህር የማስተማሪያ ጊዜ ካልተሰጠው ዘዴው ምንም ያህል ያማረ ቢሆን ፍሬ አያፈራም። ሳኪ ይህን ጊዜ አገኘ።

ኳስ የሌለበት ልምምድ

የሳኪ ዘዴ ምን ነበር? በጥቂት ቃላት ሲጠቃለል፣ አሥራ አንዱ ተጫዋች እንደ አንድ አካል ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። ተከላካዮቹ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ። እያንዳንዱ የሚጠብቀው የተመደበለትን ሰው ሳይሆን የተመደበለትን ቦታ ነው። ከመጨረሻው ተከላካይ እስከ ፊተኛው አጥቂ ያለው ርቀት ከ25 እስከ 30 ሜትር እንዳይበልጥ ይደረጋል። ኳሱ በተጋጣሚ እጅ ሲገባ ቡድኑ ወደ ኋላ አይሸሽም፤ በተቃራኒው ወደ ፊት ተጠግቶ ኳሱ ያለበትን ሰው ቦታና ጊዜ ይነሣዋል። የተጋጣሚ አጥቂ ከጀርባ ለመሮጥ ሲሞክር የተከላካዮቹ መስመር በአንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጥቶ ከጨዋታ ውጪ ያደርገዋል። በዚህ ሥርዓት አንድ ሰው ለግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ የሁሉም ድካም ከንቱ ይሆናል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት በትክክል የሚሠራው ከድሩ አንዲት ክር እስካልተበጠሰች ድረስ ነው።

ይህን ለማስተማር ሳኪ የተጠቀመበት መንገድ ከእግር ኳስ ይልቅ የቴአትር ጥናትን ይመስላል። አሥራ አንዱን ተጫዋቾች ሜዳ ላይ ካሰለፈ በኋላ ኳስ አይሰጣቸውም። ኳሱ የት እንዳለ በድምፅ ይነግራቸዋል፤ እነሱም ያላዩትን ኳስ እየተከተሉ በኅብረት ይጠጋሉ፣ ያፈገፍጋሉ፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይጎተታሉ። ልክ ተዋናይ በባዶ መድረክ ላይ የሌለውን በር ከፍቶ እንደሚገባ ማለት ነው። ኳስ ካለ ዓይን ሁሉ ወደ ኳሱ ይሄዳል፤ ኳስ ከሌለ ግን ተጫዋቹ የሚያየው ጓዱን ነው። የልምምዱ ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከዋክብቱ ግን በቀላሉ አላመኑም። በ1987 ከሆላንድ የመጡት ሩድ ጉሊትና ማርኮ ቫን ባስተን በጊዜያቸው ወደር የሌላቸው ተጫዋቾች ነበሩ። ሳኪ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ ጥርጣሬያቸውን ለመስበር በክርክር ፈንታ ፈተና አቀረበላቸው። በአንድ ወገን በረኛውን ጆቫኒ ጋሊንና አራቱን ተከላካዮች፣ ታሶቲን፣ ማልዲኒን፣ ኮስታኩርታንና ባሬዚን አቆመ። በሌላው ወገን ጉሊትንና ቫን ባስተንን ጨምሮ አሥር ሰው አሰለፈ። አሥሩ በሩብ ሰዓት ውስጥ በአምስቱ ላይ አንድ ግብ እንዲያገቡ ተጠየቁ። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፤ ኳሱን ከተነጠቁ ከራሳቸው የሜዳ ክፍል እንደገና ይጀምራሉ። አላገቡም። ፈተናው በተደጋገመ ቁጥርም ውጤቱ ያው ሆነ። ታላቅ ተሰጥኦ ያላቸው ሰዎች ሥርዓት ተሰጥኦን እንደሚረታ በራሳቸው ላይ አዩ። ቀጣዩ እርምጃ ቀላል ነበር፤ ያንኑ ሥርዓት የራሳቸው ማድረግ።

ውጤቱ በቶሎ ታየ። ሜይ 1 ቀን 1988 ሚላን ወደ ኔፕልስ ተጉዞ፣ ማራዶና የነበረበትንና የዋንጫው ባለቤት የነበረውን ናፖሊን በገዛ ሜዳው 3 ለ 2 አሸነፈ። በዚያም ዓመት የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። በ30 ጨዋታዎች የተቆጠሩበት ግቦች 14 ብቻ ነበሩ። ቫን ባስተን በቁርጭምጭሚት ሕመም አብዛኛውን የውድድር ዘመን ሳይጫወት መቅረቱ ሲታሰብ፣ ድሉ የአንድ አጥቂ ሳይሆን የመላው ጓድ መሆኑ ይበልጥ ይጎላል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላው ሆላንዳዊ ፍራንክ ራይካርድ ተጨመረ።

የ1988–89 የአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ጉዞ ግን በሥርዓት ብቻ የተገኘ ነው ማለት አይቻልም። በኖቬምበር 1988 ቤልግሬድ ላይ ቀይ ኮከብ 1 ለ 0 እየመራ ሳለ ሜዳውን ጭጋግ ሸፈነውና ጨዋታው ተቋረጠ። በማግሥቱ እንደ አዲስ ተጀምሮ 1 ለ 1 አለቀ፤ ሚላንም በፍጹም ቅጣት ምት አለፈ። ያ ጭጋግ ባይወርድ ኖሮ የሳኪ ስም ዛሬ ባልተነሣ ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል። ታሪክ እንዲህ ያለውን ነገር አትደብቅም። ነገር ግን ኤፕሪል 19 ቀን 1989 በሚላን ከተማ የተደረገውን ግማሽ ፍጻሜ ጭጋግ አላገዘውም። ሪያል ማድሪድ 5 ለ 0 ተሸነፈ። ግቦቹን ያገቡት አምስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ አንቼሎቲ፣ ራይካርድ፣ ጉሊት፣ ቫን ባስተንና ዶናዶኒ። ሜይ 24 ቀን ባርሴሎና ላይ በተደረገው ፍጻሜ የሩማንያው ስቴዋ ቡካሬስት 4 ለ 0 ተረታ። በዓመቱም ቪዬና ላይ የፖርቱጋሉ ቤንፊካ በራይካርድ ግብ 1 ለ 0 ተሸንፎ ዋንጫው ለሁለተኛ ጊዜ በተከታታይ ወደ ሚላን ገባ።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። የፈረንሳዩ «ፍራንስ ፉትቦል» መጽሔት በየዓመቱ ለአውሮፓ ምርጥ ተጫዋች ይሰጠው በነበረው ሽልማት፣ በ1988 ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ቫን ባስተን፣ ጉሊትና ራይካርድ ነበሩ። በ1989 ደግሞ ቫን ባስተን፣ ባሬዚና ራይካርድ። ለሁለት ዓመታት ሦስቱም ደረጃዎች በአንድ ክለብ ተያዙ። የኅብረት ሥራ ግለሰብን ይውጣል የሚለው ሥጋት በዚህ ሲመዘን መሠረት ያጣል። በሚገባ የተደራጀ ጓድ እያንዳንዱን አባል ከብቻው ቁመት በላይ ያሳየዋል።

ሥርዓቱና ሰውየው

ይሁን እንጂ ታሪኩ በድል ብቻ አያበቃም። ሳኪ ዕረፍት የማያውቅና ፍጹምነትን የሚሻ ሰው ነበር። ትናንት በትክክል የተሠራውን ዛሬ እንደገና ያሠራል፤ ያሸነፈ ቡድን ሰኞ ጧት እንደተሸነፈ ቡድን ይለማመዳል። ኮሬሊ አንዲት ደጋን ስትዛነፍ ጓዱን እንዳስቆመ ሁሉ እሱም አንድ እርምጃ ሲዛነፍ ያስቆማል። ይህ ቁጥጥር አራት ዓመት ሲሞላው ተጫዋቾቹን አታከተ፤ በተለይም ከቫን ባስተን ጋር የነበረው ግንኙነት ሻከረ። ሳኪ በ1991 ሚላንን ለቀቀ። ተተኪው ፋቢዮ ካፔሎ ያንኑ ቡድን ልጓሙን ትንሽ አላልቶ በ1991–92 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ሻምፒዮን አደረገው። ይህ ለሳኪ ክብርም ተግሣጽም ነው። የዘራው ዘር መልካም እንደነበር ያሳያል፤ አጫጁ ግን ሌላ ሰው መሆን ነበረበት።

ትልቁ ፈተና የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1991 መጨረሻ የኢጣልያ ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ሆነ። በክለብ ዘንድ ተጫዋቾቹን በየቀኑ ያገኛቸው ነበር። በብሔራዊ ቡድን ግን አልፎ አልፎ ለጥቂት ቀናት ብቻ ይሰበሰባሉ። ዘዴው ያረፈው በድግግሞሽ ላይ ነበርና፣ ድግግሞሹ ሲጠፋ ዘዴው መሠረቱን አጣ። ልምምድ ያጠረው ቴአትር ቃሉን ያስታውሳል እንጂ ነፍሱን አያገኝም።

የ1994ቱ የአሜሪካ የዓለም ዋንጫ ይህን በገሃድ አወጣው። ኢጣልያ በመጀመሪያው ጨዋታ በአየርላንድ 1 ለ 0 ተሸነፈች። ጁን 23 ቀን ከኖርዌይ ጋር ስትጋጠም በረኛው ፓሊዩካ በ21ኛው ደቂቃ ከሜዳ ተባረረ። ተጠባባቂውን በረኛ ለማስገባት አንድ ሰው መውጣት ነበረበት፤ ሳኪም የአውሮፓ ምርጥ ተጫዋች የነበረውን ሮቤርቶ ባጆን አስወጣ። ባጆ ከሜዳ ሲወጣ «ይሄ ሰው አብዷል» ማለቱን ከንፈሩን ያነበቡ ሁሉ ተረዱ። አሥር ሰው የቀረው ቡድን 1 ለ 0 አሸነፈ። በጨዋታው ሒሳብ ሳኪ ትክክል ነበር፤ ሰው ለጎደለበት ቡድን የሚሮጡ ሰዎች ያስፈልጉት ነበርና።

ቀጥሎ የመጣው ግን ሒሳቡን አፈረሰው። ጁላይ 5 ቀን በቦስተን አቅራቢያ ከናይጄሪያ ጋር በተደረገው ጨዋታ ኢጣልያ 1 ለ 0 እየተመራች፣ ከተጫዋቾቿም አንዱ ተባርሮባት፣ ሊያበቃ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ባጆ አገባ። በጭማሪው ሰዓትም ፍጹም ቅጣት ምት አግብቶ ቡድኑን አሳለፈ። በሩብ ፍጻሜው ስፔንን፣ በግማሽ ፍጻሜው ቡልጋሪያን የረቱት ወሳኝ ግቦች የሱ ነበሩ። ኅብረቱ ሲደክም ያ ከሜዳ የወጣው ግለሰብ ኅብረቱን በጫንቃው ተሸክሞ እስከ ፍጻሜው አደረሰው። ጁላይ 17 ቀን በፓሳዴና፣ በኃይለኛ ፀሐይ፣ ኢጣልያና ብራዚል 0 ለ 0 ተለያይተው ፍጹም ቅጣት ምት ተመቱ። ከኖርዌይ ጋር በተደረገው ጨዋታ ጉልበቱን ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና የተደረገለትና በ24ኛው ቀን የተመለሰው ባሬዚ ሳተ፤ ማሳሮ ሳተ፤ በመጨረሻም ባጆ ኳሱን ከአግዳሚው በላይ ሰደደ። ብራዚል 3 ለ 2 አሸነፈች። የሳኪ እጅግ ታማኝ ደቀ መዝሙር ባሬዚና ከሥርዓቱ ጋር ሙሉ በሙሉ ያልታረቀው ባጆ በአንድ ሽንፈት ላይ ተገናኙ።

ከዚያ ወዲህ ያለው የሳኪ የአሠልጣኝነት ዘመን ቁልቁለት ነው። በ1996 የአውሮፓ ዋንጫ፣ ካሸነፈው ቡድን አምስት ያህል ተጫዋቾችን ለውጦ በቼክ ሪፑብሊክ 2 ለ 1 ተሸነፈና ከምድቡ ሳያልፍ ቀረ። በዓመቱ መጨረሻ ብሔራዊ ቡድኑን ለቆ ወደ ሚላን ቢመለስም በ1996–97 ቡድኑ 11ኛ ወጣ። በ1998–99 ማድሪድ ላይ ከአትሌቲኮ ጋር የነበረው ቆይታ አጭር ነበር። በ2001 ወደ ፓርማ ተመልሶ ከሦስት ጨዋታ በኋላ ሥራው በአእምሮውና በአካሉ ላይ ያሳደረውን ጫና ገልጾ አሠልጣኝነትን ተወ። ሌሎችን ሲያደክም የኖረው ጥብቅነት ከሁሉ አስቀድሞ ያደከመው ራሱን ነበር።

የመምህሩ ቅርስ

የአንድ መምህር ሥራ ግን በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ብቻ አይለካም። ደቀ መዛሙርቱ ምን አደረጉ ተብሎም ይጠየቃል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በጀርመን ሁለተኛ ዲቪዚዮን ቮልፍጋንግ ፍራንክ የሚባል አሠልጣኝ የሳኪን ሚላን ፊልም ለማይንዝ ተጫዋቾች ደጋግሞ እያሳየ የቦታ መከላከልንና ኳስ ነጠቃን ያስተምር ነበር። ከተመልካቾቹ አንዱ ከሁለተኛው ዲቪዚዮን ከፍ ብሎ ያልተጫወተው የርገን ክሎፕ ነው። እሱም በኋላ ከቦሩሲያ ዶርትሙንድና ከሊቨርፑል ጋር ታላላቅ ዋንጫዎችን ያነሣ አሠልጣኝ ሆነ። ፈረስ ሳይሆን ጋላቢ የሆነው ሰው፣ ሌሎች መሰሎቹ የሚያልፉበትን በር ከፍቶ ሄደ።

ከሁሉም ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው የካርሎ አንቼሎቲ ታሪክ ነው። ሳኪ በ1987፣ ጉልበቱ ክፉኛ ተጎድቶ የነበረውን ይህን አማካይ ተጫዋች ከሮማ እንዲመጣለት አጥብቆ ጠየቀ፤ በ1994ቱ የዓለም ዋንጫም ረዳቱ አደረገው። አንቼሎቲ ራሱ አሠልጣኝ ሲሆን የመምህሩን ሥርዓት ቃል በቃል ወሰደ። በ1997 ፓርማን እያሠለጠነ ሮቤርቶ ባጆ ወደ ክለቡ ሊመጣ ሲል፣ ለባጆ የሚስማማው ቦታ በሥርዓቱ ውስጥ የለም ብሎ ሳይቀበለው ቀረ። ኋላ ግን ያን ውሳኔ ስሕተት ነበር ሲል በግልጽ ተናገረ። ሥርዓት ለሰው እንጂ ሰው ለሥርዓት እንዳልተፈጠረ የተማረው ከዚያ ነው። ወደ ሚላን በተመለሰ ጊዜ እንደ ፒርሎ፣ ሴዶርፍ፣ ሩዪ ኮስታና በኋላም ካካ ያሉ የፈጠራ ሰዎች ጎን ለጎን የሚጫወቱበትን ቅርጽ አበጀላቸው። በ2003ና በ2007 ከሚላን፣ በ2014፣ በ2022ና በ2024 ከሪያል ማድሪድ ጋር የአውሮፓን ዋንጫ አምስት ጊዜ ያነሣ አሠልጣኝ ለመሆን በቃ።

አንቼሎቲ መምህሩን አልካደም። መስመሩን ጠብቆ የሚሄድ ተከላካይና ለጓዱ የሚሮጥ አማካይ በሱም ቡድኖች ውስጥ አሉ፤ የሳኪ አሻራ ነው። ያረመው የመምህሩን ችኩልነት ነው። ሳኪ ለአርባ ዓመታት የቆየውን «ኢጣልያዊ በተፈጥሮው ተከላካይ ነው» የሚል እምነት ሰብሮ፣ ሰው ያልለመደውን ተምሮ ሊለወጥ እንደሚችል በሥራ አሳየ። ደቀ መዝሙሩ ደግሞ፣ የተማረ ጓድ ውስጥም ቢሆን ከትምህርቱ መስመር የሚያልፍ ባለ ተሰጥኦ ሲገኝ ቦታ ሊሰጠው እንደሚገባ ጨመረበት። ሁለቱ ትምህርቶች አንዱ ያለ አንዱ ጎዶሎ ናቸው። የቴአትር አዘጋጅ ቢሆን፣ የሙዚቃ ጓድ መሪ ቢሆን፣ የክፍል መምህር ቢሆን፣ ሰውን በኅብረት ለሥራ የሚያሰልፍ ሁሉ አንድ ቀን ከራሱ ባጆ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ቢያስብበት ይበጀዋል።